የአጥናፉ ተራ

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ዛሬም አልበላም። ከሾርባው ሁለት ማንኪያ ቀመሰና አፉን ገጥሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ትንሽ እንብላ እንጂ፣ ጎበዝ" አልኩት። ባሌ አጥናፉ ሰባውን ካለፈ ቆይቷል፣ እኔ ግን "ጎበዝ" እለዋለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር ነው፣ ምን ላድርግ። ሰው ሁሉ ሦስተኛ ክፍል ይመስለኛል።

ስትሮኩ ሰኔ ላይ ቀኝ ጎኑን ያዘው። የዚህን ሰፈር በርና መስኮት ግማሹን የሠራ እጅ አሁን ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጦ ይውላል። ንግግሩ ይጎተታል፣ ግን ይሰማል። ሽንቱ በቱቦ ወደ ከረጢት ይወርዳል። መብላት ግን ይበላ ነበር። እምቢ ያለው ከረቡዕ ጀምሮ ነው።

የምፈራውን ልጻፈው። ሐኪሙ "ካልበላ በአፍንጫው ቱቦ እናስገባለታለን" ብሎኛል፤ ያውም አጥናፉ አጠገባችን ተቀምጦ እየሰማ። ታች ቱቦ፣ ላይ ቱቦ። እሱ ይህንን እሺ ብሎ የሚኖር ሰው አይደለም።

ሲስተር ጫልቱ አርፍዳ መጣች። ልጃችን ያገኘችልን ነርስ ናት፣ ከእሑድ በቀር በየጠዋቱ ትመጣለች። ከየካ አባዶ እዚህ ድረስ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ መንገድ አለ፣ ከዚያ ደግሞ የኛ ዳገት አለ። "ይሄን ዳገት ማን ነው እዚህ ያስቀመጠው!" እያለች ነው ግቢ የምትገባው። ሳቋ ጆሮ ይበሳል። መጀመሪያ ሰሞን "ይቺ ደግሞ ሕመምተኛ ልታስታምም ነው ወይስ ሰርግ መጥታ?" ብዬ ነበር።

አንድ ነገሯን ግን እወድላታለሁ። የመኝታ ቤቱ በር ወለል ብሎ ቢከፈትም ታንኳኳለች። "ጋሼ፣ ልግባ?" ትላለች። አጥናፉ "ግቢ" የምትለዋን ቃል እስኪያወጣት ድረስ ትቆማለች፤ አንዳንድ ቀን ብዙ ትቆማለች። እኔ ባሌ ክፍል አንኳኩቼ ገብቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ ገላውን ስታጥበው አጠገቧ ሆኜ አየሁ። ሁሉንም አትገልጥም። በፎጣ ሸፍና እጁን ብቻ ታወጣለች፣ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ መልሳ ትሸፍናለች። ከዚያ እግሩን። "ዛሬ ከፊትዎ እንጀምር ወይስ ከእግርዎ?" ብላ ጠየቀችው። 

"አንቺው ጀምሪው በቃ፣ ለምን ታደክሚዋለሽ?" አልኳት።

"እትዬ የሺ፣ ገላው የሳቸው ነው" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ተናደድኩ። እውነቷን ስለነበር ይሆናል የባሰ የተናደድኩት።

ከእጥበት በኋላ እጁን ታሠራዋለች። የግራ እጁን ጣቶች በቀኙ ውስጥ አስገብቶ፣ ከሥር ይዞ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያነሳዋል። "ግራዎ ቀኝዎን ይዘለው ጋሼ፣ ነገ ደግሞ እሱ በተራው ያዝላል" ትለዋለች። ትናንት ወዲያ እስከ ደረቱ ደርሶ ነበር። ዛሬ አልሞከረም።

ያን ጊዜ ዱካ ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ከዓይኑ ጋር እኩል ሆነ። "ጋሼ፣ ምን አስቀየመዎት?" አለችው። እኔ መልስ ልሰጥለት አፌን ሁለት ጊዜ ከፈትኩ፤ በእጇ ምልክት ዝም አሰኘችኝ፤ እኔን፣ ሰላሳ ዓመት "ዝም በሉ" ስል የኖርኩትን!

ቆይቶ ቆይቶ "ጽዋዬን" አለ።

ወዲያው ገባኝ። አጥናፉና ጓደኛው ሞገስ ገና ጎረምሳ ሳሉ የመሠረቱት የማርያም ማኅበር አለ። በየወሩ በሃያ አንድ፣ ተራ የደረሰው ቤት ይበላል ይጠጣል፣ ማታ ጽዋው ወደሚቀጥለው ባለተራ ያልፋል። የዚህ ወር ተራ የአጥናፉ ነው። ያለፈው ወር አጥናፉ መሄድ ስላልቻለ ጽዋውን ሞገስ ተቀበለለት። ረቡዕ ዕለት በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣው፤ እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ "እሱ እንግዲህ አይችልም፣ ለሌላ ስጡልን" ብዬ መለስኩት። ሰውየውን ላሳርፈው ብዬ ነው። የመኝታ ቤቱ በር ክፍት ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ጫልቱ የለችም፣ እኔና እሱ ብቻ።

ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ በሩ ላይ ቆምኩና አንኳኳሁ። እፍረቴ! የገዛ ባሌን በር።

"ማ… ነው?"

"የሺ ነኝ። ልግባ?"

"ምን… ሆነሻል?" አለኝ። ስገባ ከንፈሩ በግራ በኩል ወደ ላይ ተሰብስቧል። ከሰኔ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ "አጥናፉ፣ ሳልጠይቅህ ተራህን ሰጠሁብህ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት። አየኝ።  "ተራህን ትፈልጋለህ?" አልኩት፤ ይህን መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ።

"እፈልጋለሁ" አለ። ቀጥ ያለች ቃል፣ ሳትጎተት።

ለሞገስ ደወልኩለት። ጽዋውን ገና ለማንም አልሰጠውም፤ ቤቱ አስቀምጦታል። "አጥናፉ ይጠራኛል ብዬ ነው" አለኝና ስልኩ ውስጥ ድምፁ ተሰበረ። እኔ ብቻ ነኝ ለካ ያልገባኝ።

ምሳ ለስለስ ያለ ፍርፍር አቀረብኩ። ግማሹን በላ! በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እኔ ለግማሽ ሳህን ፍርፍር እልል ልል ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ደስታዬ አንድ ቀን አደረ።

ጠዋት ሞገስ ሳይመጣ ጫልቱ ወንበር ላይ አስቀምጣ ኮቱን አለበሰችው፣ ባርኔጣውን ግን ራሱ በግራ እጁ ደፋው። የሽንት ከረጢቱን ከጉልበቱ ዝቅ አድርጋ ወንበሩ ላይ አሰረችው። እዚያው ልትተወው መስሎኝ ነበር፤ ከቦርሳዋ በኮቱ ቀለም የተሰፋ የጨርቅ ኪስ አውጥታ ከተተችው። ቤቷ ሰፍታ ነው ያመጣችው። ማንም አላዘዛትም። አጥናፉ ወደ ታች አየና እጇን መታ መታ አደረገ።

ሞገስ ገባ፣ ተሳሳሙ፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ዘረጋለት። አጥናፉ ቀኝ እጁን አየው። እጁ አልተንቀሳቀሰም። ግራውን ትንሽ አነሳና መልሶ ጉልበቱ ላይ በጣለው ጋቢ ሥር ደበቀው።

"ጠረጴዛው ላይ" አለ።

ጽዋ በግራ እጅ አይቀበሉም። እንኳን ጽዋ ለጎረቤት ጨው በግራ የሚያቀብል ልጅ እጁን ይመታል፤ እኔም መትቻለሁ። ሞገስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጥቂት ተጫውተው ወጣ፣ አጥሩ ጋ ቆሞ ዓይኑን ሲጠርግ በመስኮት አየሁት።

ሐሙስ ማታ ደግሞ አጥናፉ በሰው ሁሉ ፊት ጽዋውን አንስቶ ለወይዘሮ በላይነሽ መስጠት አለበት። ቀጣዩ ተራ የሷ ነው። ያን ጊዜም "ጠረጴዛው ላይ" ቢልስ? ከዚያ በኋላ ይበላል ብዬ አላስብም። ራት ዳር ዳሩን ነካክቶ ተወው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ክፉ ቀን።

ጫልቱ ለደግ ብላ ነው። ውሃ የሞላ ኩባያ ግራ እጁ አጠገብ አድርጋ "ጋሼ፣ በዚህ እንለማመድ፣ ለሐሙስ። ሰው ይረዳል፣ ግራ ቢሆንም ችግር የለውም" አለችው። ኩባያውን በግራ እጁ መታው። ውሃው ጋወኗ ላይ፣ ፊቷ ላይ።

"ውጪ!" አለ። ይቺም ቃል አልተጎተተችም።

ወጣች። በረንዳው ላይ ተከትያት ሄድኩ። ፊቷን በክንዷ ትጠርጋለች፤ ሁሉም ግን ውሃ አልነበረም። "በርቺ፣ አመሉ ነው፣ ድሮም ሲናደድ መዶሻ ይወረውር ነበር" አልኳት ላጽናናት።

"አይ እትዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለች። "ለሳቸው ችግር ሆኖባቸው ሳለ እኔ የለውም አልኳቸው።"

የባሕር ዛፉ ነፋስ ከእንጦጦ በኩል ይወርዳል፣ ጋወኗ ርሶ ትንቀጠቀጣለች። ጋቢ ላምጣ ስላት ትታኝ ገባች። በሩ ጋ ቆማ አንኳኳች።

"ጋሼ፣ ልግባ?"

 ቆመች። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ከትፌ ጨረስኩ፤ ስወጣ እዚያው ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይገባል ወይ ቦርሳውን አንስቶ ይሄዳል።

"ግቢ" አለ በመጨረሻ።

ምን እንደተባባሉ አላውቅም። እኔም ጆሮዬን በሩ ላይ አልጣልኩም፤ ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስትወጣ ግን "ነገ ጢማቸውን እንላጫለን ብለዋል" አለችኝና ያንን የምትስቀውን ሳቅ ሳቀችው። ዛሬ ጆሮዬን አላመመኝም። ይቺን ልጅ የወለደች እናት ትባረክ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ጠላው ደርሷል። ዳቦው ነገ ጠዋት ይጋገራል። ንፍሮ፣ ወጥ፣ ወንበር ከጎረቤት። የወገቤን ነገር አላነሳውም።

ጫልቱ ለነገ የነገረችኝ፣ እንዳልረሳ፦

ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ሲውጥ አገጩን ወደ ደረቱ።
ከረጢቱ እንግዳ ሳይመጣ ባዶ ይሁን።
ሲናገር ማንም ቃሉን አይጨርስለት። ("በተለይ እርስዎ" ብላ ጨመረችበት።)
ትልቅ ጉርሻ በፍጹም! ያንቀዋል።

የመጨረሻው አስጨነቀኝ። የማርያም ዕለት ጉርሻ የለም ብዬ ማንን ነው የምከለክለው? "ለሰዎቹ እሳቸው ፊት እንዳይነግሩ፣ እንደ ሕፃን ያደርጋቸዋል" አለችኝ ደግሞ። እሺ፣ ታዲያ እንዴት?

ጢሙን ላጨችው፣ መስተዋቱን ራሱ ያዘ። ከዚያ በሩን ዘጉ፤ ሲያንሾካሹኩ፣ ሲስቁ ይሰማኛል። በሩ እንዲዘጋ የፈለገው እሱ ነው። ቀናሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ! ስትሄድ "ነገ ማታ እመጣለሁ፣ ለሥራ አይደለም፣ ጋሼ ጠርተውኛል" አለች።

አጥናፉን "ነገ እንዴት ልታደርግ ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። "እናያለን" አለ። ምሳም ራትም በላ፣ ግን ትንሽ ትንሽ። 

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ሁሉም ሄደዋል። ዕቃው እንዳለ ተከምሯል፣ ይከመር። መጻፍ አለብኝ።

ማኅበርተኞቹ ቤቱን ሞሉ። ካህኑ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ። አጥናፉ ከራስጌ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ። እየመጡ ትከሻ ለትከሻ ሳሙት፤ ስለ ቱቦው ያወቀ ሰው ያለ አልመሰለኝም። አንዱ ስለ ጤናው እኔን ጠየቀኝ። ልመልስ ነበር፤ ምላሴን ነከስኩና "እሱን ጠይቀው" አልኩት። አጥናፉ "ደኅና… ነኝ… ከትናንት" አለ። ማንም አልጨረሰለትም።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። ሞገስ፣ ፍቅሩ ገንፍሎ፣ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልሎ ተነሳ። ጫልቱ ከማዶ ዓይኗ ፈጠጠ። እኔ ከየት እንደመጣሁ አላውቅም፤ መሀል ገብቼ "ወይ ሞገስ፣ እኔን ረስተህ ለሱ? ስደግስ የሰነበትኩት እኔ!" ብዬ አፌን ከፈትኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጉርሻው አፌን ሞልቶ በአፍንጫዬ ልተነፍስ ነበር። አጥናፉ እየሳቀ፣ አገጩን ወደ ደረቱ አድርጎ፣ ትንሽ የራሱን ዋጠ።

መሸትሸት ሲል ካህኑ "ጽዋው ይነሳ" አሉ።  ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ፊቱ ቆመች። ሞገስ ጠላ የተቀዳበትን ጽዋ አምጥቶ ፊቱ ያዘው፣ የት እንደሚያኖረው ጨነቀው። ጠረጴዛውን አየ።

አጥናፉ ግራ እጁን ከጋቢው ሥር አወጣ። ቀኙን ከሥር ያዘው። አነሳው፤ ከጭኑ እስከ ሆዱ፣ እስከ ደረቱ።  እኔ ልሮጥ ነበር። ሁለት እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው።

"አኑር" አለው ሞገስን።

ሞገስ ጽዋውን በቀኝ መዳፉ ላይ አኖረው፣ ግራው ከሥር ደግፎታል። ሁለት እጅ! ለሚከበር ትልቅ ሰው የሚሰጥበት፣ እኛ ለልጆቻችን የምናስተምረው። ጠላው ኮቱ ላይ ፈሰሰ፣ ግድ አልሰጠውም። ወይዘሮ በላይነሽ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችውና ቀኝ እጁን ሳመችው።

"ለከርሞ… ያድርሰን" አለ።

"አሜን!" አለ ቤቱ።

ጫልቱን አየኋት። በሩ ጋ ቆማ ታለቅሳለች፣ እየሳቀች። ልሸኛት ስንወጣ "ይሄንን ነው ለካ ስትለማመዱ የነበረው" አልኳት። "እኔ እጃቸውን ማንሳት ብቻ ነው ያስተማርኳቸው፣ ሁለቱን እጅ ያሰቡት እሳቸው ናቸው። እንዳትነግሪያት ብለውኝ ነው" አለች። ዳገቱን ስትወርድ ድምፅዋ ለረጅም ጊዜ ተሰማኝ፤ ዳገቱን እየሰደበች።

ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሐኪሙ ሰኞ ያየዋል፤ ስለ አፍንጫው ቱቦ የሚለውን ይላል። እስከዚህ ጽፌ፣ ተኝቶ ይሆናል ብዬ በሩ ጋ ሄድኩ። አንኳኳሁ።

"አጥናፉ፣ ልግባ?"

ቆየ። እኔም ቆምኩ።

"ራት… አለ?" አለኝ።