በአዳራሹ ግንባር ላይ ስለበራው ጽሑፍ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የትንሿ ከተማችን ከንቲባ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እግዚአብሔር እርስዎንም ቤተሰብዎንም ከሕመም ሁሉ፣ በተለይም ወደ ጤና ጣቢያችን ከሚያደርስ ሕመም፣ እንዲጠብቅልን ዘወትር እለምናለሁ።

ይህን መጻፌ በአዲሱ አዳራሽ ግንባር ላይ ከዳር እስከ ዳር ስላሰቀሉልን፣ «ነገ ብሩህ ነው» ስለሚለው የኒዮን ጽሑፍ ለማመስገን ነው። የሠሩት ሠዓሊ በምረቃው ዕለት ነገሩ ጥበብ እንጂ ማስታወቂያ አለመሆኑን አስረድተውናል፤ እኛም የገብስ ገበሬዎች ብንሆንም ገብቶናል። አንዱ ፊደል ከጎጆዬ ይበልጣል። ቀዩ ብርሃን በረቴ ድረስ እየገባ ነጩን በሬዬን ቀይ አድርጎልኛል።

ሆኖም ድፍረት ካልሆነብኝ ጥቂት ላመልክት።

አንደኛ፣ ያለችን አንዲት ትራንስፎርመር ጽሑፉንና ጤና ጣቢያውን አንድ ላይ መሸከም ቢያቅታት፣ የጤና ጣቢያው መስመር እንዲቆረጥ ወስነዋል። ደግ አደረጉ፤ ጤና ጣቢያው ከመንገድ አይታይም፣ እንግዳም አያስጎበኙበትም። አዋላጇ ሲስተር ኤልሳቤጥ አሁን የስልኳን መብራት በጥርሷ ነክሳ ስለምታዋልድ፣ የምታምጠውን ሴት አይዞሽ የምትልበት አፍ እንኳ አልተረፋትም።

ሁለተኛ፣ እናቴ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ዓይናቸው ደክሟል። አመሻሽ ላይ ያን ሁሉ ብርሃን ሲያዩ ለበዓል ዋዜማ የደመቀ ቤተ ክርስቲያን ይመስላቸውና፣ ነጠላቸውን አጣፍተው አዳራሽዎን ይሳለማሉ። የማን ታቦት እንደሆነ ቢጠይቁኝ እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት መለስኋቸው። አዳራሽ ነው እንዳልላቸው፣ የሚለምኑት ስለ ልጄ ስለ መሰረት ነው። መሰረት የመውለጃ ወሯ ገብቷል። እናቷን ያጣኋት እሷን ስትወልድ ነው።

ሦስተኛ ብዬ የምጽፈው የለኝም። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፣ ሌላ ምን እላለሁ? ቢሮዎ በተመላለስሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ተነግሮኛል። ለሕክምና ወደ አርብ ገበያ ከተማ እንዳንወስዳት ክረምቱ መንገዱን ቆርጦታል።

ስለዚህ ከጎረቤቶቼ ጋር መክረናል። ምጧ ሲመጣ በቃሬዛ ተሸክመን አዳራሽዎ ደጅ፣ ከፊደሎቹ ሥር እናወርዳታለን። ሴቶቹ በነጠላ ይጋርዷታል፤ ሲስተር ኤልሳቤጥም ስልኳን ከአፏ አውጥታ አይዞሽ ትላታለች። ለዚህ ሁሉ ብርሃን እያመሰገንሁ፣ ከደጅዎ ላይ ለሚፈሰው ደም ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በብርሃንዎ ዓይኑ የፈዘዘው፣ ውለታዎን ከፍሎ የማይዘልቀው ታዛዥዎ፣
መሐሪ ወልደ ሩፋኤል፣ ገበሬ፣ ከታች ጋይንት

ድኅረ ጽሑፍ፦ አምፖሎቹ እንዳይቃጠሉ አንዳንድ ምሽት እንዲያርፉ ሊደረግ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። እባክዎን በዚያች ምሽት አያጥፉብን። ካጠፉት ግን፣ ሲለምኑት የከረሙት ታቦት የማን እንደነበር፣ እርስዎ ራስዎ መጥተው ለእናቴ ይንገሯቸው።