ፖስተኛው የሞተበት ፊልም

አንቺ ውሸታም፣

ሾርባው ድስቱ ውስጥ አለ። "አልበላልኝ አለ" የሚባል ነገር አልሰማም፤ አሙቀሽ ጠጪ። ቁልፌን ይዣለሁ፤ በር ልክፈት ብለሽ ከአልጋ እንዳትነሺ።

ትናንት ከዳቦ ቤቱ ስወጣ፣ "እንዳያመልጥሽ" ያልሽኝን የፖስተኛውን ፊልም ለማየት ሄድኩ። ቲኬት ሻጯ "እንደዚህ የሚባል ፊልም አሳይተን አናውቅም" አለችኝ። ጓደኛዬ ባለፈው ሐሙስ እዚሁ አይታዋለች ብዬ ድርቅ አልኩ። መልክሽን ስነግራት፣ "ሻሽ የምታስረዋ? እሷማ ገብታ አታውቅም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የሆስፒታሉን አውቶቡስ ነው የምትጠብቀው" አለች።

ሰው ፊት እንዳላለቅስ ቲኬት ገዝቼ ጨለማው ውስጥ ገባሁ። የሚታየውን ፊልም እይው አልልሽም፤ ከዳር እስከ ዳር ተኩስ ነው። ያንቺው ይሻላል።

ሐሙስ ሐሙስ ገርጥተሽ መጥተሽ ሲያስመልስሽ "ፊልሙ ረብሾኝ ነው" ትዪኛለሽ። ሻሹንም ፋሽን ነው አልሽኝ። እኔ ጅሏ ደግሞ አጠገብሽ ተቀምጬ "እሺ፣ ከዚያስ?" እያልኩ አስተርክሻለሁ። ለእኔ መንገር ይህን ያህል

ተዪው። አሁን አልጣላሽም፤ ሊጡ እየጠበቀኝ ነው።

ለሐሙስ ፈረቃ ቀይሬያለሁ። ወፍራሙን ሹራብ ልበሺ። ደረጃው ይቀዘቅዛል፤ ስወጣ ቁጭ ብዬበት አይቻለሁ። አውቶቡሱን አብረን ነው የምንሳፈረው፤ እንዳትከራከሪኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ፖስተኛው መጨረሻ ላይ ይሞታል ብለሽኛል።

ፊልሙን የፈጠርሽው አንቺ ነሽ። መጨረሻውን ቀይሪልኝ።