ከፖስተሩ ጀርባ የተጻፈው

ሰኞ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2003 ዓ.ም.

ዛሬ ለባለቤቴ ለታደሰ ከግሪክ አንድ ጥቅል መጣለት። የዘንድሮው የበጋ ቴአትርና ሙዚቃ ፌስቲቫል ፖስተር ነው። እዚያ ተማሪ ሳለ የሰበሰባቸው የዚያው ፌስቲቫል ሦስት አሮጌ ፖስተሮች ሳሎናችን ውስጥ በምስማር ተሰቅለዋል። በእነሱ ላይ ያሉት በእጅ የተሳሉ ጭምብሎች ናቸው፤ አዲሱ ላይ ያለው ግን የአንዲት ዳንሰኛ ፎቶግራፍ ነው። ጀርባውን ሳየው በእስክሪብቶ የተጻፈ አራት መስመር አገኘሁ።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ለቤተሰብህ ሰላምታ አቅርብልኝ ይላል።»

«አራት መስመር ሙሉ?»

«የግሪክኛ ቃል ረጅም ነው፣ ምሕረት።»

«ማን ነው የላከው?»

«አብሮኝ የተማረ ሰው ነው» አለና መነጽሩን አወለቀ።

ከተጋባን ሠላሳ ዓመታችን ነው፤ አብሮት ስለተማረ ሰው አንድም ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። ከምሳ በኋላ ፖስተሩን ከአሮጌዎቹ አጠገብ አደረገው። በምስማር ግን አልሰቀለውም። ጀርባውን ከዳር እስከ ዳር ኮላ ቀብቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። «እንዳይቀደድ ብዬ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ላንቴ ቀበሌ ያለንን የሙዝ እርሻ ሊያይ እንደወጣ የታችኛውን ጥግ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ኮላው ገና እርጥብ ነበር። የመጨረሻውን ቃል ፊደል በፊደል እያየሁ በዚህ ደብተር ላይ ሣልኩት፤ ጥጉንም መልሼ ለጠፍኩት። ስም ይመስለኛል። የሴት ይሁን የወንድ አላወቅሁም። አርባ ምንጭ ውስጥ ግሪክኛ የሚያነብ ሰው የማውቀው እሱን ብቻ ነው።