ጉዳዩ፦ የአባቴን «ተመስገን» ስለማስመለስ

ለተከበሩ አቶ ስዩም፣
የ«ዕረፍት» የቤት ለቤት የሕሙማን እንክብካቤ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣
ወልድያ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ቢሮዎም፣ የቢሮዎ ስልክም በፍጹም ጤንነት ላይ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። በአገራችን ወግ መሠረት ከዚህ ቀጥሎ «እኔም ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር መምጣት ነበረበት። ዘንግቼው አይደለም፤ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ይህች ዓረፍተ ነገር በድርጅትዎ እጅ ስትገባ ምን እንደምትሆን ስላየሁ ፈርቻት ነው።

እኔ መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር የመኪና መለዋወጫ የምሸጥ፣ ይልቁንም እሸጥ የነበርኩ፣ ፍሬሕይወት ዘውዱ የምባል ነኝ። ሱቄ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ደንበኞቼም በሩን እያዩ ማለፍ ለምደዋል። አባቴን አቶ ዘውዱን ሳያውቋቸው አይቀሩም፤ በእናንተ ዘንድ ስማቸው «የተረጋጋ ሕመምተኛ» ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በደሴና በመቀሌ መካከል የጭነት መኪና ሲያሽከረክሩ ኖረው፣ አሁን አጥንታቸው ውስጥ በገባ ካንሰር ምክንያት ከአልጋ የዋሉ ሰው ናቸው። ሐኪም ቤቱ «ማዳን አንችልም፣ ሕመሙን ማስታገስ ግን ይቻላል» ብሎ ወደ ቤት ሲመልሰን የተረከባችሁን እናንተ ናችሁ። እውነቱን ለመናገር የድርጅቱን ስም መጀመሪያ ስሰማ ደንግጬ ነበር፤ ሰው ገና በሕይወት ሳለ «ዕረፍት መጣላችሁ» ሲባል ለጆሮ አይመችም። አባቴ ግን ስቀው «ቢያንስ አይዋሹም» አሉ። አባቴ ሰው ማመን ይወዳሉ።

ከዚህ ቀደም በቃልም በጽሑፍም ያቀረብኩት አቤቱታ ሁሉ «ተቀብለናል» የሚል መልካም ምላሽ አግኝቷል፤ ከተቀበላችሁት በኋላ ግን የት እንዳስቀመጣችሁት አልተነገረኝም። በዚህ መካከል ድርጅትዎ በሕሙማን እርካታ ተመዝኖ ከፍተኛ ውጤት በማምጣቱ ወልድያ ላይ በተደረገ ስብሰባ የምስክር ወረቀት መቀበሉን ሰማሁ። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔም ማጭድ የሚያውሰኝ ባጣ ብዕር አነሳሁ። የደስታችሁ ተካፋይ ለመሆን ያህል ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ ስለ መድኃኒቱ አመሰግናለሁ። ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው፤ ሽሙጡ ከሁለተኛው ይጀምራል። የላካችኋት ነርስ፣ ሲስተር ራሄል፣ የሞርፊኑን ሽሮፕ ይዛ በመጣች ሰሞን አባቴ እንቅልፍ አገኙ፤ ምግብ ቀመሱ፤ በመንገዱ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ብቻ እየለዩ «የዚህኛው ፍሪሲዮን አልቋል፣ ባለቤቱ ገና አልሰማም» እያሉ መሳቅ ጀመሩ። አንድ ቀን እንዲያውም «ጢሜን ላጩኝ» ብለው መስተዋት አስመጡ። ያንን ሰሞን ስለሰጣችሁን እግዚአብሔር ይስጥልን። መልሳችሁ ባትወስዱት ኖሮ ይህ ደብዳቤ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

ሁለተኛ፦ የአገልግሎታችሁን ጥራት እንዲመዝን ስለላካችሁት ወጣት ባለሙያ ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው። ባለሙያው ከሳቂታ እስከ አልቃሻ የተደረደሩ ክብ ክብ ፊቶች የተሳሉበት ወረቀት አውጥቶ፣ በታላቅ ትሕትና «አባባ፣ ከእነዚህ የትኛው ነዎት?» አላቸው። አባቴ መነጽራቸውን አስመጥተው ትክ ብለው ካዩ በኋላ «የማን ልጆች ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያም እንግዳው ይዞት የመጣውን ላለማሳፈር የሚስቀውን መርጠው «ይኼኛው ፊቱ ብሩህ ነው፣ እግዜር ያሳድገው» አሉ። ባለሙያው አመስግኖ ሄደ፤ አባቴም በዚያች ደቂቃ ከሕመም ነጻ መሆናቸው ተረጋገጠ። እንዲህ ያለ ፈውስ በጠበል ሲሆን ሰምቻለሁ፤ በወረቀት ሲሆን ግን ያየሁት በእናንተ ነው።

ሦስተኛ፦ ባለሙያ እስከ መርሳ መላኩ አድካሚ ሆኖ ስለተገኘ ምዘናው በስልክ እንዲሆን ወስናችኋል። ከወልድያ ቢሮ ድምጿ እንደ ማር የሚጣፍጥ አንዲት ልጅ ትደውላለች። «አባባ፣ እንዴት ነዎት? ሕመሙስ?» ትላለች። አባቴ በስልክም ቢሆን ተኝቶ ሰላምታ መቀበል ነውር ስለሚመስላቸው ከትራሳቸው ቀና ለማለት እየታገሉ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። አንቺስ? ቤተሰብ ደህና? ዝናቡ በናንተ በኩል እንዴት ነው?» ይላሉ። እሷም «እሺ አባባ፣ አስገብቼዋለሁ» ብላ ትዘጋለች። ስለ ዝናቡ እንኳ መልስ አግኝተው አያውቁም።

ክቡርነትዎ የዚሁ አገር ልጅ ስለሆኑ የገዛ ወግዎን ላስተምርዎ አይዳዳኝም፤ የቢሮ ሥራ በዝቶብዎ ረስተውት እንደሆነ ብቻ ላስታውስዎ። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው «ደህና ነኝ» ሰላምታ ነው። ሁለተኛውም ሰላምታ ነው። መልሱ የሚመጣው ጠያቂው አረፍ ብሎ፣ ስለ ገበያውና ስለ ዝናቡ አውርቶ፣ ሊነሳ ሲል «እንደው ሌሊቱስ?» ብሎ ሲመለስ ነው። «ሌሊቱማ…» ይላሉ አባቴ፤ በሽታው ያለው ከዚያች ቃል በኋላ ነው። እናትዎ በሕይወት ካሉ ደውለው ይሞክሩት። የድርጅትዎ ስልክ ግን እስከ ዛሬ «ሌሊቱማ» ጋ ደርሶ አያውቅም።

አራተኛ፦ በዚህ «ተመስገን» ማስረጃነት ሕመማቸው እንደቀለለ ታምኖ ሽሮፑ ተቀነሰ፤ የነርሷም ጉብኝት ተራራቀ። ጎረቤቴን ወይዘሮ ታደለችን አባቴ ዘንድ አስቀምጬ፣ በሚኒባስ ተጨናንቄ ወልድያ ድረስ መጣሁ። የቢሮዎ ሰዎች ወንበር ሰጡኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ ሌላ ቀጠሮ ሰጡኝ፤ ከሽሮፑ በቀር ያልሰጡኝ ነገር የለም። «መርሐችን የሕመምተኛው የራሱ ድምፅ ነው፤ ቤተሰብ ስለሚያጋንን የቤተሰብ መልስ አይያዝም» ብለው በጨዋ ቃል አስረዱኝ። አንደኛው እንዲያውም እንደ መካሪ ሆነው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ ተረቱብኝ። ተረቱ ልክ ነው። አባቴ ግን በሽታቸውን አልደበቁም፤ ሳትሰሟቸው የዘጋችሁት እናንተ ናችሁ።

ከዚያ ወዲህ አባቴን እንደ ፊደል ተማሪ ማስጠናት ጀመርኩ። «አባዬ፣ ሲደውሉ ያመኛል ይበሉ» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ በማላውቃት ልጅ ጆሮ?» አሉኝ። «ምን በደለችኝና ነው የማስደነግጣት? ደግሞስ እሱን ተመስገን ሳልለው ቀድሜ ስሞታ ልናገር?» ለመንኳቸው፣ አለቀስኩባቸው፤ ለእኔ ሲሉ እሺ አሉ። ስልኩ ሲጮህ ዓይን ዓይኔን እያዩ «ያመ…» ብለው ጀምረውት ነበር። ልጅቷ በዚያ ማር ድምፅ «አቤት አባባ፣ እንዴት ነዎት?» ስትላቸው «ተመስገን» አሉ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ይቅርታ የጠየቁኝ እርሳቸው ናቸው። ሊሞት ያለ አባት ልጁን «አላልኩልሽም፣ ይቅር በይኝ» ሲላት የሚሰማት ስሜት በምዘናችሁ ውስጥ የሚሰፍርበት ቦታ ካለ እባክዎ ይጠቁሙኝ። እኔ የማሰፍርበት አጥቻለሁ።

አምስተኛ፦ ሲስተር ራሄልን በሚገባት ቦታ ስላስቀመጣችኋት ላመስግን። ራሄል ስትመጣ ወንበር ወደ አልጋው አስጠግታ ስለ ግራካሶ ቁልቁለት ትጠይቃቸው ነበር፤ አባቴም ፍሬን ስለበጠሰው መኪና ሲያወሩላት፣ እሷም ስትስቅ፣ ሳይታወቃቸው «ሌሊቱማ» ጋ ይደርሱ ነበር። ይህም ጉድ አደረጋት፤ እሷ የምታያቸው ሕሙማን ሁሉ ያማቸዋል፣ ስልኩ የሚጠይቃቸው ሁሉ ደግሞ ደህና ናቸው። ከሁለቱ የትኛው የተሻለ አገልግሎት እንደሚሰጥ ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ይፈርዳል፣ እናንተም ፈረዳችሁ። ራሄል ወደ ቢሮ ሥራ ተዛወረች፤ ለእኛ ስልኩ ቀረልን።

ስድስተኛ፦ ሌላ አማራጭ ፍለጋ እንዳልባዝን ስላሳረፋችሁኝም አመሰግናለሁ። ሐኪም ቤቱ «እናንተ በዕረፍት ሥር ናችሁ» ይለኛል። መድኃኒት ቤቱ «የዕረፍትን ማዘዣ አምጪ» ይለኛል። ዕረፍት «አባትሽ ደህና ነኝ ብለዋል» ይለኛል። አባቴን ብጠይቅ ደህና ነኝ ይሉኛል። በየትኛውም በር ብወጣ መግቢያው ይኸው አባቴ የተኙበት ክፍል ነው። በሩን የዘጋብኝ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እሰድበው ነበር፤ የዘጋብኝ ግን የአባቴ ጨዋነት ነው፣ እሱን ደግሞ ያስተማሩኝ እርሳቸው ስለሆኑ መስደቢያ አፍ የለኝም።

ሰባተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ አባቴ ዘንድ ደርሼ ስመለስ የምጽፈው ጠፋኝ። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ ያየሁትን ልንገርዎ። አባቴ አያቃስቱም። «ጭነት ሲከብደው የሚያቃስተው መኪናው ነው እንጂ ሹፌሩ አይደለም» ይላሉ። ሕመሙ ሲበረታ የማውቀው በቀኝ እግራቸው ነው። በብርድ ልብሱ ሥር የአልጋውን ግርጌ ረገጥ አድርገው ይይዛሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይረግጣሉ። ፍሬን መሆኑ ነው። ቁልቁለት ላይ ናቸው፣ ፍሬኑ ግን አልይዝ ብሏቸዋል፤ እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ መንገዱን ከማየት በቀር የማደርገው የለኝም። ተናድጃለሁ፤ ደክሞኛል፤ ከሁሉ በላይ ግን ፈርቻለሁ። መርሐችሁ የሕመምተኛው ድምፅ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውሉ ስልኩን እግራቸው ሥር ላኑርላችሁ ወይ?

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። አባቴ እንደማይድኑ አውቃለሁ፤ እንድታድኗቸውም አልጠየቅኋችሁም። ሽሮፑን ወደ ነበረበት መጠን ይመልሱልን። ራሄልን ከቢሮው ወንበር አስነስተው ከአባቴ አልጋ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ያስቀምጡልን። ይህ ከበጀት የሚጣላ ከሆነ ደግሞ ያቺ ልጅ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት አንዴ ብቻ «ሌሊቱስ?» ትበልና መልሱን ትጠብቅ። አባቴ ሲመልሱ ቀስ ይላሉና ትታገሣቸው። ጉዳዩን በኮሚቴ ለማየት ካሰቡም ኮሚቴው ይፍጠን፤ አባቴ ብዙ ስብሰባ የሚጠብቁበት ዕድሜ የላቸውም።

ይህን ያህል ገጽ ማንበብ ያስከተለብዎትን ድካም እያሰብኩ፣ የምስክር ወረቀቱ ከግድግዳዎ እንዳይዘምብዎ፣ ስልክዎ እንዳይጠፋብዎ፣ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ እርስዎንም ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው እንዲያጋጥምዎ እየተመኘሁ፣ በአንድ አልጋና በአንድ ስልክ መካከል ተይዤ የምገኘው የድርጅትዎ እጅግ የረካሁ ተገልጋይ፣

ፍሬሕይወት ዘውዱ
ከመርሳ

ግልባጭ፦
ለሚመለከታቸው ሁሉ፣
እንደማይመለከታቸው ለነገሩኝም ሁሉ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ስጨርስ ስልኩ ጮኸ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ፍሬናቸውን እየረገጡ ስለነበር እኔ አነሳሁት። ማሯ ልጅ ነበረች። «እንዴት ዋላችሁ?» አለችኝ። እኔም፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሴትዮ፣ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ «ተመስገን፣ ደህና ነን፤ አንቺስ?» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ፤ የአባቴ ልጅ ነኝ። ግድ የለም፣ የቤተሰብ መልስ አይያዝም ብዬ ልጽናና ስል «እሺ፣ አስገብቼዋለሁ» ብላ ዘጋችው። ለካስ የማይያዘው የቤተሰብ ስሞታ ኖሯል፤ ምስጋናው ይያዛል። ያቺ «ተመስገን» የእኔም የአባቴም አይደለችም፤ ለእግዚአብሔር የተላከች ናት፣ እናንተ መሐል ላይ ቆማችሁ ተቀበላችኋት እንጂ። እባክዎ ለባለቤቷ ይመልሱልኝ፤ በምትኳ ይህችን ይውሰዱ። አባቴን በጣም ያማቸዋል። እሺ ይበሉና ያስገቡልኝ።