በመግቢያው በር ላይ ስለተለካው ሌንሴ

ለተከበሩ ሚስተር ዌንደል ስትራውብ፣
የኦርምስታድ ከተማ የበረዶ ሜዳ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የዓይንዎ ብርሃን እንደምን ከርሟል? እኔ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ዲግሪ ወርዶ ጢሜን ከማደንደኑ በቀር በእርስዎ ጥበቃ ሥር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። ለቢሮዎ ሦስት ጊዜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም፤ ሥራ እንደሚበዛብዎ ግን ይገባኛል፣ የሰው ሌንስ መለካት እንዲህ የዋዛ ሥራ አይደለምና።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ከሥሩ ልጀምር። ባለቤቴ ሎሬታ ካለፈው መኸር ጀምሮ የምትኖረው በአረጋውያን መጦሪያው ነው፤ የመርሳት በሽታ ይዟታል። የልጅ ልጃችንን ብሪንን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ጓሯችን ውስጥ ውኃ አፍስሰን ባበጀነው በረዶ ላይ የሆኪ በረኛ ያደረገቻትም እሷው ናት። ዛሬ ብሪን በተራ ልብሷ ልትጠይቃት ስትገባ «ነርሷ መጣች» ትለኛለች። ጋዜጣ ላይ ግን ያንን ግዙፍ የበረኛ ትጥቅ ለብሳ፣ ፊቷን በጭምብል ሸፍና ስታያት «ብሪንዬ!» ብላ ትስቃለች። ፊቷንና ትጥቋን አንድ ላይ፣ በበረዶው ላይ ብታይ፣ ሁለቱ አንድ ልጅ መሆናቸው ይገባት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ብሪን ትጥቋን ለብሳ ሎሬታ ክፍል ድረስ እንድትመጣ አንድ ቀን ሞክረናል። ሎሬታ ደንግጣ ጮኸች፤ ብሪንም ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያንን ዳግመኛ አላደርገውም፤ ሎሬታንም በዚህ ብርድ ወደ ሜዳው ማውጣት አይሆንም፤ ስለዚህ የቀረን ፎቶ ብቻ ነው።

ሌንስ ፍለጋ ሳስካቱን ከተማ ድረስ ሄድኩ። ከካሜራዬ ጋር የመጣው ትንሹ ሌንስ፣ ከመቀመጫዬ ሆኜ ሳነሳበት፣ ብሪንን የምስር ፍሬ ያሳክላታል። ጋዜጠኞቹ የሚሸከሙት ከባዱ ሌንስ ደግሞ ዋጋው ከመኪናዬ ይበልጣል፤ መኪናዬን ያየ ሰው ይህም ትልቅ ነገር አይደለም ይል ይሆናል። ሁለት ሌንስ ይዤ እንዳልቀያይር ጣቶቼ በብርድ አይታዘዙኝም። የሱቁ ሻጭ ማርሊስ የምትባል ሴት አንድ ሰዓት ሙሉ ታገሠችኝና፣ «ጌታዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሁሉን እችላለሁ የሚል ሌንስ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይጎድለዋል። ብርሃን ሲያንስ ይቸገራል፣ ምስሉም ሻከር ይላል። ግን ሩቁንም ሰፊውንም በአንድ ዕቃ፣ ያውም በአቅሜ ካሉ፣ ከዚህ የተሻለ አላውቅልዎትም» ብላ አንድ ያገለገለ ዙም ሌንስ አወጣችልኝ። የዕይታው ልክ (ቁመቱ አይደለም) ከአስራ ስምንት እስከ ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ እጅ ሲንቀጠቀጥም ምስሉን ያረጋጋል። በክረምት ሐይቁ ላይ ዓሣ የማጠምድበትን የበረዶ መሰርሰሪያ ሸጬ ገዛሁት። በዕድሜዬ እንዲህ ተጨንቄ የመረጥኩት ሌላ ነገር ቢኖር ሎሬታን ነው፤ እሷ ግን የመረጥኩህ እኔ ነኝ ትላለች።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ ኮሚቴዎ ከአስራ አምስት ሳንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም ሌንስ «የባለሙያ ዕቃ» ስለሆነ ለተመልካች ደኅንነት ሲባል እንዳይገባ በመወሰኑ አመሰግናለሁ። በዚያው በር የክንድ ያህል ጥሩምባ፣ የላም ቃጭልና ትሪ የሚያህል ታብሌት ከነባለቤቶቻቸው እየተሳሳቁ ሲገቡ ስላየሁ፣ ለካ ሰው የሚጎዳው ሌንስ ብቻ ኖሯል።

ሁለተኛ፤ እዚህ አገር በክረምት ካሜራ የያዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከውጭ ብርድ የገባ ካሜራ ሙቅ ክፍል ውስጥ ከተከፈተ ያልበዋል። ስለዚህ በዳቦ ላስቲክ ጥርቅም አድርገን አስረን፣ ድንች የሚጠበስበትን የመግቢያ ክፍል እንደታሸገ እናልፍና፣ ቀዝቃዛው ሜዳ ስንደርስ እንፈታዋለን። በሩ ላይ የቆመው የዕድሜ ልክ ጓደኛዬ ግሌን ፍሪዘን ግን ሜትሩን ይዞ «ፍታው» አለኝ። «ግሌን፣ እዚህ ከፈታሁት እኮ ጉም ይይዘዋል፤ አንተ ራስህ ታውቃለህ» ስለው፣ «ሬይ፣ በፈጠረህ እኔን አትጨቅጭቀኝ! ወረቀቱ ‹ተስቦ ይለካል› ነው የሚለው፤ በል ሳበው!» አለ። ሌንሴ ሲያርፍ አስር፣ ሩቁን ለማቅረብ ሲሳብ አስራ ሰባት ሳንቲ ሜትር ነው። ሳብኩት። እንዲህ ያለ ሌንስ ሲሳብ አየር ወደ ውስጥ ይምጋል፤ የእኔውም ያንን የድንች እንፋሎት እስኪጠግብ ማገ። ጉሙ ጨርቅ በማይደርስበት፣ በመስታወቶቹ መካከል ገብቶ ተቀመጠ።

ሦስተኛ፤ ለዳኝነት እርስዎ ሲጠሩ አላሳፈሩንም። «ይግባ፣ ግን አይሳብ» ብለው ከፈረዱ በኋላ የሆኪ ዱላ የሚጠቀለልበትን ፕላስተር ከኪስዎ አውጥተው ሌንሴን በገዛ እጅዎ ጠፍረው አሰሩት። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አፈርኩ እንጂ ሳቄስ አልመጣም ነበር።

ለሚቀጥለው ቁጥር መስጠት አልቻልኩም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከጨዋታው በፊት፣ ዘንድሮ ቡድኑን የሚሰናበቱት ልጆች በዓል ነበር። እንደ ልማዳችን እያንዳንዷ ስሟ ሲጠራ ወደ ሜዳው መሃል ተንሸራትታ፣ የራስ ቁሯን አውልቃ፣ ላሳደጋት ሰው ጽጌረዳ ትሰጣለች። ብሪን ከቀናት በፊት «አያቴ፣ በእሷ ቦታ አንተ ወርደህ ተቀበለኝ» ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ «አይ፣ እኔ ላንሳሽ፤ እሷ ትይሽ» ብዬ እምቢ ያልኳት። ስሟ ተጠራ። ብቻዋን መሃል ቆመች፣ ጭምብሏን አወለቀች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አበባውን ለካሜራው ከፍ አደረገችው። ሃያ ሦስት ጊዜ ተጫንኩ፤ ሃያ ሦስቱም ነጭ ናቸው።

ከሁሉ ይሻላል ያልኩትን አሳጥቤ ለሎሬታ ወሰድኩላት። «ብሪን የታለች?» አለችኝ። ከዚያ ነጭ መሃል አንዱን ቦታ በጣቴ አሳየኋት። በአርባ ስድስት ዓመት ትዳራችን ሚስቴን ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። «አዎ፣ አየኋት» አለችኝ፣ እንዳይከፋኝ ብላ። ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ አርሯል፤ ይህን በትሕትና የምጽፍበት ቃል ፈልጌ አጣሁ።

የፊታችን ቅዳሜ የፍጻሜው ጨዋታ እዚሁ እኛው ሜዳ ላይ ነው። ብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመር ልጆቹ ሁሉ የራስ ቁራቸውን ያወልቃሉ፤ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ ብሪን ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ትሄዳለች፤ ሐኪሙም የሎሬታን ነገር ለመጪው ክረምት ቃል አልገባልኝም። እንግዲህ ከእርስዎ የምለምነው ሌንሴ እንደታሸገ እንዲገባና ሁለት ሳንቲ ሜትር እንዲማሩኝ ነው። እርስዎን ካሰጋዎት ወንበሬ ሥር ዘበኛ ያቁሙብኝ።

ደኅንነታችንን ከሽማግሌ ካሜራ ለጠበቀው ክንድዎ ዕድሜ እየለመንኩ፣ እስኪሳብ ድረስ አጭር ሆኖ የሚጠብቅ ታዛዥዎ፣

ሬይመንድ ኦሌክሲን
የብሪን አያት

ማስታወሻ፦ ጉሙ የጠራው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ እርስዎ ፕላስተሩ እንዳልተፈታ ሊያዩ አጠገቤ በቆሙበት ሰዓት ነበር። ጣቴ ሳላስበው ተጭኖ ኖሮ፣ ከዚያ ቀን የተረፈኝ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ የእርስዎ ነው፤ የኮትዎ ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠራል። ሎሬታ አይታው «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው?» አለችኝ። ብሪንን የሚጠብቅልን ሰው ነው አልኳት። ፎቶውን አገላብጣ ጀርባውን ሁሉ ፈተሸችና፣ «ታዲያ የት አደረጋት?» አለችኝ። እሑድ ስሄድ የምነግራት መልስ እስከ ቅዳሜ እንዲልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።