እጇን የበላው ፍሬም

ሽፌ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአንድ ወር ሆነ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ተናድጄብሃለሁ። ጎረቤቶቼ ቢሰሙ ሙት ወቃሽ አትሁኚ ይሉኝ ነበር። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ካንተ ሌላ የምወቅሰው የለኝም።

ቤቱ ያው ነው። ልጃችን አልማዝ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብታ በፈረቃ ትሠራለች። ባቡሩም በሰዓቱ ያልፋል፤ አቃቂ ጣቢያ ትኬት የሚቆርጠው ግን አዲስ ሰው ነው፤ ጥፍሩ ሥር ቀለም የለም።

ለሙት ዓመትህ ሰው ሲሰበሰብ፣ ትኬት ቆራጭ ብቻ እንዳልነበርክ ይይ ብዬ ሳጥንህን ከፈትኩ። ስዕሎችህን ፍሬም ላስገባቸው ነበር። በሕይወት ሳለህ ስንቴ ፍሬም እናሠራላቸው ብልህ፣ ቀለሙ ይድረቅ ትለኝ ነበር። ለካ ያልደረቀው ሌላ ነገር ኖሯል!

ከሁሉ ሥር በጋዜጣ ተጠቅልላ አገኘኋት። በባቡር መስኮት የተቀመጠች ሴት፣ አንገቷ የተነቀሰ፣ ቀኝ እጇን ወደ ውጭ ያነሳች። ሽፋሽፍቷን ሳይቀር አንድ በአንድ ሠርተኸዋል። እኔን በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር አንዴ ብቻ ነው የሳልከኝ፤ እሱም ወንዝ ዳር ጎንበስ ብዬ ልብስ ሳጥብ፣ ከጀርባዬ። ዙሪ ትለኛለህ ብዬ ስጠብቅ፣ እንዳትነቃነቂ አልከኝ። ለሷ ዓይን፣ ለእኔ ጀርባ! ቀናሁ ሽፌ። በሕይወት እያለህ እንኳ እንዲህ ቀንቼብህ አላውቅም።

ሁሉንም ተሸክሜ ሳሪስ ሄድኩ፤ ፍሬም የሚሠሩት ጋሽ በቀለ የሚባሉ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ለጀርባዬ ዋንዛ መረጥኩ፤ በዘይት ታሽቶ የሚያበራውን። ለጣቢያውና ለድልድዩ ስዕል ጽድ። ለሷ ባሕር ዛፍ አልኳቸው።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ ይጣመማል፤ ለአጥር እንጂ ለስዕል አይሆንም" አሉኝ።

ይጣመም አልኩ። ስፋቱም አራት ጣት ይሁን አልኩ። ለክተው አዩና እጇን ይበላዋል አሉኝ። ይብላው! ያ እጅ አንተን ና እያለ የሚጠራ ነበር የመሰለኝ። በገዛ ግድግዳዬ ላይ ሆና ባሌን እንድትጠራብኝ አልፈቅድም።

የሙት ዓመትህ ዕለት ነጠላዋን ያዘቀዘቀች አንዲት ሴት ገባች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ በአንገቷ ንቅሳት አወቅኳት። የባቡር ሰዎች ነግረዋት ከድሬዳዋ ነው የመጣችው። ሌሎቹን ስዕሎች አልፋ የራሷ ስዕል ፊት ቆመች። ብዙ ቆየችና እጇ የት እንደደረሰ ጠየቀችኝ። ፍሬሙ ሸፍኖት ነው አልኳት፣ ዓይኗን ሳላይ።

"ሞጆ ጣቢያ ይሠራ በነበረ ጊዜ ነው" አለችኝ። "እኔ ልዳር ወደ ድሬዳዋ ስሄድ፣ እሱ ከታች ቆሞ። ደህና ሁን እያልኩት እኮ ነው።"

ጠበል ጸዲቅ ቀምሳ ወጣች።

ሰዉ ሁሉ ሲሄድ ስዕሉን እንደ አዲስ አየሁት። ያለ እጇ፣ ተደላድላ ተቀምጣ አንተን የምታይ ሴት ናት። ያኔውኑ ተሰናብታህ የሄደችውን ሴት፣ እኔ በገዛ ገንዘቤ እቤቴ አስቀምጫታለሁ። ቅናት እንዲህ ያጃጅላል። በማግስቱ ጋሽ በቀለ ዘንድ መለስኳት፤ አንድ ጣት የማይሞላ ጠባብ ፍሬም፣ ያውም ዋንዛ። ሳቁብኝ እንጂ ለምን አላሉኝም። ዋንዛው ይገባታል፤ ከሠራኸው ሁሉ እሷ ትበልጣለች። ይህን መጻፍ ራሱ ያቃጥለኛል።

አሁን እጇ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም። ዓይኗንና ሽፋሽፍቷን ትቼላታለሁ፤ የምቀናው በስንብቷ ነው። እሷ ደህና ሁን ብላሃለች፣ አንተም ቆመህ ሸኝተሃታል። እኔ የሞትክ ዕለት ጠዋት ጓዳ ነበርኩ። ቁርስህን ሳትጨርስ ወጣህ፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ከጣቢያው ተሸክመውህ መጡ። ደህና ዋይ አላልከኝም፣ እኔም ብቅ ብዬ አላየሁህም። ከዚያ ቀን ለእኔ የቀረኝ በሩን ስትዘጋው የሰማሁት ድምፅ ብቻ ነው። እሱን እስክሞት አልረሳውም።

ያንተው ዘነቡ