የተቆለፈው ማባዣ ቁጥርና የፈርዶሳ ሠርግ

ለክቡር የፕሮሰሰር ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የባለአክሲዮኖችዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከብሎካችን ሥር ባለችው የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበሪያ ሱቄ ውስጥ፣ ሐፍረት ካልሆነ በቀር ምንም ሳልሆን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ የግል አድራሻዎን ስለማላውቅና ያፈርኩትም በአደባባይ ስለሆነ ነው።

ጎረቤቴ ጋሽ ሳህሌ እዚሁ ሰፈር ባላቸው ሱቅ የቤት ዕቃ የሚሸጡ፣ አላፊ አግዳሚውን በስሙ እየጠሩ ሰላም የሚሉ ሰው ናቸው። ከዓይናቸው ጀርባ እጢ በቅሎባቸው ለምርመራ ሆስፒታል በተኙበት ሳምንት የልጃቸው የፈርዶሳ ሠርግ ደረሰ። ቀኑ ይገፋ ሲባል «እንግዳ ጠርቼ አልመልስም» ብለው እምቢ አሉ፤ ኒካሑንም ታናሽ ወንድማቸው ወክለዋቸው አሰሩ። ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሐኪሞቹ ጋሽ ሳህሌን ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ሰጥተው ወደ ቤት ሲሸኟቸው፣ እጢው ሲወጣ ዓይናቸውም አብሮ ሊጠፋ እንደሚችል አልደበቋቸውም። እሳቸው ይህን ሰምተው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከመግባቴ በፊት የልጄን ሠርግ ልየው።»

ባለቤታቸው እትዬ ኡሙልኸይር ሱቄ ድረስ መጥተው «ጌዲዮን ልጄ፣ እንዲሁ እንዳለ አሳየን፤ ማሳመሩ ይቅርብን» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ሳይቀናበር ከዚህ ሱቅ የሚወጣ ሥራ የለም፣ ይህ የሙያ ክብር ነው ብዬ መለስኳቸው። አሁን ቃሉን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ከዚያ ሆስፒታሉ ደወለ። አልጋ ስለተገኘ ጋሽ ሳህሌ ከቀጠሯቸው ቀደም ብለው በማግሥቱ ጠዋት እንዲገቡ ተባለ። የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ በዚያ ሰዓት የቆራረጥኩትን ቪዲዮ አንድ ፋይል አድርጎ እየፈጨ፣ የምጨርሰው ነገ ከሰዓት በኋላ ነው ይላል። እትዬ ኡሙልኸይር በር ላይ ቆመዋል፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ቀናውም መቀሱን እንደያዘ መጥቷል፤ ልብስ ሊያሰፉ የመጡ ሰዎችም ተከትለውታል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት «አይዞን፣ ኦቨርክሎክ አደርገዋለሁ!» አልኩ። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝም ደረቴን ነፍቼ አስረዳሁ። ፕሮሰሰሩ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ይሮጣል፤ ማባዣ የሚባል ቁጥር አለ፣ እሱን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው፤ ቪዲዮው ዛሬ ያልቃል አልኳቸው። እንግዲህ ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጥበቃዎ አመሰግናለሁ። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሥቼ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ገጽ ስከፍት ማባዣው ቁጥር ደብዝዞ ተቀምጧል። ብጫነው አይነቃነቅም። እንደገና ብጫነው ያው ነው። የድርጅትዎ ድረ-ገጽ እንደሚያስረዳው የቆለፋችሁት ለእኛው ብላችሁ ነው፤ አጭበርባሪ ነጋዴ ቀርፋፋውን ፈጣን ነው ብሎ እንዳይሸጥልን፣ ከሙቀት ብዛትም ዕቃው እንዳይቃጠልብን። እንዲህ የሚያስብልን ሰው በሩቅ አገር መኖሩን ሳላውቅ ይህን ያህል ዘመን በመኖሬ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ቀናው ግን እንደ እኔ ቶሎ የሚገባው ሰው አይደለም።

«ቁልፉ የት ነው?» አለኝ።

«ፋብሪካው ጋ ነው» አልኩት።

«ታዲያ አንተ የገዛኸው ምኑን ነው?»

ይህን ጥያቄ እንዳለ ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ። ምናልባት መልሱም እርስዎ ጋ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ፊደልዎ አመሰግናለሁ። እንደ ተረዳሁት የእኔው ፕሮሰሰር ያልተቆለፈ መንትያ አለው፤ ዲዛይኑ አንድ፣ መልኩ አንድ፣ ስሙም አንድ ሆኖ ልዩነቱ ከስሙ መጨረሻ ያለችው አንዲት ፊደል ናት። ያቺ ፊደል ያለችበት ዋጋው ይወደዳል፣ ማባዣውም ይከፈታል። የእኔ ማሸጊያ ካርቶን ላይ ግን ፊደሏ በሌለችበት ቦታ «ኃይልህን ያለ ገደብ ልቀቀው» የሚል ጽሑፍ በትልቁ አለ። እኔም ትልቁን አንብቤ ትንሿን ባለማየቴ፣ ጥፋቱ የዓይኔ እንጂ የካርቶኑ እንዳልሆነ በትሕትና አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ምስጋና ለእርስዎ ብቻ መስጠት ስለማይገባ ቁጥር አልሰጠሁትም። ቁጥሩ ተቆልፎ ሳገኘው፣ እንደ ጨዋ ሰው ተመልሼ ለእትዬ ኡሙልኸይር አልቻልኩም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ሰው እያየኝ ነበር። ማባዣው እምቢ ሲል፣ ማባዣው የሚያባዛውን የማሽኑን መሠረታዊ የፍጥነት ምት ራሱን ከፍ አደረግሁት። ሁሉ ዕቃ በሚሰካበት አሮጌ ማዘርቦርዴ ላይ ያንን የነካ ሰው ፋይሎቹ ያሉበትን ዲስክም አብሮ እንደሚነካ አንድ ቦታ አንብቤ አውቅ ነበር። አውቄ ነካሁት። ማሽኑ ትንሽ ሮጠ፤ ቀናው «በርታ!» ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ከዚያም ጠቆረ። ተመልሶ ሲነሣ የሠርጉ ሥራ ያለበት ፋይል አልከፈት አለ። ዛሬ ተረጋግቼ ሳስበው፣ ማባዣው ቢከፈትልኝ ኖሮ እንኳ ለጠዋት አይደርስም ነበር። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

እትዬ ኡሙልኸይር አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ካሜራው ውስጥ ያለው አለ አይደል?» ብቻ አሉኝ።

አለ። መጀመሪያውኑም ነበረ። ካሜራዬንና አንድ ገመድ ይዤ ደረጃውን ተከትያቸው ወጣሁ፤ ከቤታቸው ቴሌቪዥን ጋርም አገናኘሁት። ጋሽ ሳህሌ ትራሳቸውን ተደግፈው፣ ሙሽሪት ፈርዶሳ ከእግራቸው ሥር ተቀምጣ፣ ያልተቆረጠ ያልተቀጠለ ሠርግ አዩ። ካሜራው ይወዛወዛል። «ወደዚህ ዙሪ፣ ሻሽሽን አስተካክይ» የሚለው የእኔው ድምፅ ከዘፈኑ በላይ ይጮኻል። ደግሞም መኪና ወደ ግቢው በገባ ቁጥር ፈርዶሳ ፈገግታዋን ትታ አንገቷን ወደ በሩ ትመልሳለች። ይህንን ሁሉ እኔ ቆርጬ ጥዬው ነበር፤ ሙሽራ ወዲያ ወዲህ ስታይ አያምርም ብዬ።

ጋሽ ሳህሌ እጃቸውን አነሡ። «እስቲ እዚያ ላይ መልሰው» አሉ። መለስኩት። «እኔን ነው የምትፈልገው» አሉ። ፈርዶሳ ፊቷን ጉልበታቸው ላይ ደፋች። እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው «ሌላ ሰው ቢሆን ይህችን ይቆርጥብኝ ነበር። አንተ ግን አስበህልኝ ተውካት። አላህ ያክብርህ፣ ልጄ» አሉኝ።

አሜን አልኩ። ቪዲዮውንም ወደ ፊት አስኬድኩ። «ማሳመሩ ይቅርብን» ያሉኝ እትዬ ኡሙልኸይር ሁሉን እያወቁ አዩኝና ዓይናቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱ።

የጋሽ ሳህሌ ቀኝ ዓይን ከኦፕራሲዮኑ አልተመለሰም፤ ግራው ያያል፤ አሁንም ሱቃቸው በር ላይ ሆነው ሰላም ይሉኛል። እኔ ግን ምርቃቱ የማይገባኝ ስለሆነ በሌላኛው መንገድ ዞሬ መሄድ አብዝቻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቁልፉን ክፈቱልኝ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ከፍታችሁ ብትሰጡኝ ምን እንደማደርግበት አይተዋል። የምለምነው፣ የቆለፋችሁትን ነገር «ያለ ገደብ» የሚለው ጽሑፍ በተጻፈበት መጠን ካርቶኑ ላይ እንድትጽፉት ብቻ ነው። ሰው የማይችለውን አስቀድሞ ቢያውቅ፣ በጎረቤቱ ፊት እችላለሁ ከማለት ሊድን ይችላል።

ለደንበኞችዎ ያለዎት ሐሳብ እንዳይጓደል፣ ቁልፎችዎም እንዳይዝጉ እየተመኘሁ፣ ዕቃውን የገዛሁ ቁልፉን ግን ያልያዝኩ ታማኝ ደንበኛዎ ነኝ።

ጌዲዮን
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ማሳሰቢያ፦ የደንበኞች አገልግሎት ክፍልዎ ለአቤቱታዬ «ምርቱ እንደታቀደው እየሠራ ነው» የሚል ፈጣን መልስ ልኮልኛል፤ አገልግሎቱንም በኮከብ እንድመዝን ጠይቆኛል። ልሰጥ ያሰብኩት ከአንድ ኮከብ በታች ነበር፤ እሱ ግን ደብዝዞ አልጫን ስላለኝ፣ ያለ ፈቃዴ የሰጠሁዎትን አንዲት ኮከብ ከታላቅ አክብሮት ጋር ይቀበሉኝ።